የእጅ መታጠቢያ በርሜሎቹ የት ገቡ? የአደጋ ስጋት ቅነሳን ከከተማችን ልማት ጋር ስለ ማዋሃድ

ዕቅድ ጸሐፊዋ (ግንቦት 12 ቀን 2015 ዓ.ም.)

ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ከተማ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የዕቅድ ባለሙያ ነኝ። የ2016 በጀት ዓመት ዕቅድ ረቂቅ በዚህ ወር መጨረሻ መድረስ ስላለበት ካለፈው ዓመት ሰነድ የሚቀጥለውንና የሚቀየረውን እየለየሁ ሳለ አንድ ነገር እጄን ያዘኝ። «ዘርፈ ብዙ ጉዳዮች» በሚለው የመጨረሻ ምዕራፍ፣ ከሥርዓተ ጾታና ከኤች አይ ቪ ቀጥሎ፣ «የአደጋ ስጋት ቅነሳ በሁሉም ዘርፎች ተካቶ ይሠራል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። ወደ ኋላ ሄጄ የ2014ንና የ2013ን ሰነዶች ባይ ዓረፍተ ነገሩ ቃል በቃል ያው ነው። በጀት አልተያዘለትም፣ የሚያስፈጽመው ክፍል አልተጠቀሰም፣ መቼ እንደሚሠራም አልተጻፈም።

ጉዳዩን አሁን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ሚያዝያ 27 ቀን፣ እኛ የአርበኞችን ድል በምናስብበት ዕለት፣ የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ 19 ዓለም አቀፍ የጤና አስቸኳይ ጉዳይ መሆኑ ማብቃቱን አስታውቋል። ትናንትናና ከትናንት በስቲያ ደግሞ የሰንዳይ ማዕቀፍ (አገሮች የአደጋ ስጋትን ለመቀነስ የተስማሙበት ሰነድ) የአጋማሽ ዘመን ግምገማ በኒው ዮርክ ተካሂዷል። ማዕቀፉ በመጋቢት 2007 ዓ.ም. በጃፓኗ ሰንዳይ ከተማ የጸደቀ ሲሆን እስከ እ.ኤ.አ. 2030 ድረስ ይዘልቃል፤ የዘላቂ ልማት ግቦች በመስከረም 2008፣ የፓሪሱ የአየር ንብረት ስምምነት በታኅሣሥ 2008 ስለ ተከተሉት ሦስቱን ጎን ለጎን አድርጎ ማንበብ የተለመደ ነው። ማዕቀፉ የሚያስቀድማቸው ነገሮች አራት ናቸው፦ ስጋትን ማወቅ፣ ስጋቱን የሚያስተዳድር ሥርዓት ማጠናከር፣ አደጋ ሳይመጣ ገንዘብ ማውጣት፣ ዝግጁ ሆኖ መቆየትና ከአደጋ በኋላም ከቀድሞው የተሻለ አድርጎ መሥራት። ይህን ሁሉ አውቀዋለሁ፤ በሥልጠና ላይም ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ወደ ራሴ ጠረጴዛ ስመለስ ግን ያገኘሁት ያንኑ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

በመሥሪያ ቤታችን በር ላይ በመጋቢት 2012 የቆመው ባለ ቧንቧ በርሜል ዛሬ ግቢው ጥግ ላይ ሲሚንቶ ይቦካበታል። ጥያቄዬ እንግዲህ ይህ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩን ብሰርዘው በቦታው ምን ልጻፍ? ከወረርሽኙ ማገገም የሚባለው ነገርስ በእኛ ከተማ ዕቅድ ውስጥ የትኛው ሥራ ላይ ነው የሚታየው?

ጡረተኛው ጤና መኮንን

ልጄ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብሁት። እኔ ከጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ተመርቄ ሠላሳ ዓመት ያህል ያገለገልሁ ሰው ስለሆንሁ ከዚያው ቤት ታሪክ ልጀምር።

እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ 7,000 ያህል ሰው እንደ ፈጀ ተመዝግቧል። ተማሪ ሳለን ለልምምድ ወደ ቆላ ድባ ስንወርድ ሽማግሌዎቹ አጫጅም ቀባሪም የጠፋበትን ያን መኸር ይነግሩን ነበር። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1954፣ መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ሆኖ ኮሌጁን ጎንደር ላይ ከፈተ። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን በአንድነት እየሠለጠኑ፣ በአንድ ቡድን ወደ ገጠር እንዲወጡ ተደረገ፤ አንዱ ያክማል፣ አንዷ እናቶችንና ሕፃናትን ትከታተላለች፣ አንዱ ምንጭና መጸዳጃ ቤት ያሠራል። ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምንለው ያ ኮሌጅ ነው። እናንተ «ከቀድሞው የተሻለ አድርጎ መሥራት» የምትሉትን ነገር እኔ በዚህ ነው የማውቀው። ከዚያ መቅሠፍት የሠለጠነ ሰውና የሚያሠለጥን ቤት ተረፈልን።

ይሁንና ታሪኩን አላሳምረውም። ኮሌጁ ከተከፈተ አራት ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላው፣ እ.ኤ.አ. በ1958፣ በአገሪቱ ሰፊ ክፍል ወባ እንደ ገና ተነሥቶ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታሟል፣ 150,000 ያህል ሞቷል። ተቋም መክፈት የሚቀጥለውን አደጋ አያስቀርም፤ የሚቀጥለው ሲመጣ ግን የሚላክ ሰው ነበረ።

አንድ የቃል ነገርም ልጨምር። በቋንቋችን «አደጋ» ስንል ሳይታሰብ የወደቀ፣ የሚጣል ነገር ማለታችን ነው፤ «አደጋ ጣለበት» እንላለን። ዝናቡም አደጋ ይባላል፣ ዝናቡ ያፈረሰው ቤትም አደጋ ይባላል። እንዲህ ስለሆነ ሰዉ አደጋን ከላይ የሚመጣ ቁጣ አድርጎ ያያል። ዝናብ ግን ወንዝ ዳር የተሠራ ቤትና የተደፈነ ቦይ ካላገኘ ዝናብ ሆኖ ያልፋል። «ስጋት» የሚለው ቃል የገባው ይህን ለመለየት ይመስለኛል፤ በሰነዶቻችሁ ውስጥ ግን ሁለቱ ቃላት ተጣብቀው አንድ ስም ሆነው ስለሚጻፉ ልዩነቱ ጠፍቷል።

ጠያቂ ከአዘዞ

ጋሼ፣ ታሪኩን ስላካፈሉን አመሰግናለሁ። እኔ ደግሞ የበጀት ሰው ነኝና ከዚያ በኩል የሚታየውን ልናገር፤ ማጠልሸት እንዳይመስልብኝ አደራ።

ያ ኮሌጅ የተከፈተው በውጭ እርዳታ ጭምር ነው። የአንድ ወረዳ በጀት ሲከፈት የሚታየው ግን በአብዛኛው ደመወዝ ነው፤ ከደመወዝ የተረፈው ነዳጅና የጽሕፈት መሣሪያ ገዝቶ ያልቃል። «አደጋን አዋሕዱ» የሚለው መመሪያ ከላይ ሲወርድ ከታች ያለው ባለሙያ ሊያደርግ የሚችለው በሠንጠረዡ ላይ አንድ ረድፍ መጨመር ነው፤ ረድፉም ተጨመረ፣ ሪፖርት ላይም «ተካቷል» ተብሎ ምልክት ተደረገበት፤ እህታችን ያገኘችው ዓረፍተ ነገር የተወለደው እንዲህ ነው።

የአገሪቱ ታሪክም ቢሆን ከዚህ ብዙ አይርቅም። የወሎው ረኀብ በ1966 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽንን ወለደ፤ ተቋሙ ከዚያ ወዲህ ስሙም ተጠሪነቱም ብዙ ጊዜ ተቀያይሯል። በ1986 የወጣው ፖሊሲ እርዳታን ከልማት ጋር ማያያዝ እንደሚያስፈልግ ተናግሯል፣ በ2005 የወጣው ደግሞ ትኩረቱ ከአደጋው በፊት ስጋቱ ላይ እንዲሆን አድርጓል። ሐሳብ ጎድሎን አያውቅም። እኔ በሠራሁበት አንድ ወረዳ ግን ለአደጋ የተመደበችው መኪና ከግቢ የምትወጣው አደጋው ከደረሰ በኋላ ብቻ ነበር፤ አስቀድማ እንድትወጣ የሚያዝ የወጪ መደብ ስላልነበረ እኔው ራሴ ነዳጅ ከልክያለሁ።

የቧንቧ ሰው

በውሃ ሥራ ላይ ለረጅም ጊዜ የቆየሁ ቴክኒሻን ነኝ። እህታችን ስለ በርሜሉ ስለ ጠየቀች እኔም ከበርሜሉ ልነሣ።

በ2012 መጋቢት የመጀመሪያው ታማሚ አዲስ አበባ ላይ መገኘቱ እንደ ተነገረ፣ ሳምንት ሳይሞላ በየበሩ በርሜልና ሮቶ ቆመ። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ ተባለ፤ ምክሩ ትክክል ነው። አምስት ሰው ያለበት ቤት እያንዳንዱ በቀን አምስት ጊዜ ቢታጠብና በየጊዜው አንድ ሊትር ቢያፈስ 25 ሊትር ይሆናል፤ ይህም ከአንድ ቢጫ ጀሪካን ይበልጣል። ውሃ በፈረቃ የሚደርሰው፣ አንዳንዱ ሰፈርም ፈረቃውን ጠብቆ የሚያጣው ቤተሰብ ይህን ጀሪካን ከመጠጡ ይቀንስ ወይስ ከወጡ? እኛም በርሜሎቹን በቦቴ እያመላለስን ሞላን፤ ነዳጁ ሲያልቅ መሙላቱም አለቀ፣ በርሜሎቹም ደረቁ። በርሜሉን ሲሚንቶ ማቡኪያ ያደረገው ሰው ምንም አላጠፋም።

ታዲያ ውሃው ለምን አነሰ ብላችሁ ብትጠይቁኝ ወደ አንገረብ እወስዳችኋለሁ። ከተማችን በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ባለ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ናት፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ይበልጣል። የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም በአንድ ጊዜ ይወርድና የቀሩትን ወራት በተከማቸው እንኖራለን። የሚከማችበት አንዱ የአንገረብ ግድብ ነው። ከግድቡ በላይ ያለው ተዳፋት ግን ዛፉ ተመንጥሮ፣ እስከ ገደሉ አፍ ድረስ ታርሶ፣ በየክረምቱ አፈሩን ይዞ ይወርዳል፤ አፈሩ ግድቡ ውስጥ ይተኛል። ደለል በተኛበት ልክ ውሃ የሚያርፍበት ቦታ ይጠፋል። ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረው ጫናውን አግዘዋል፤ እነሱ ደግሞ መብራት ይፈልጋሉ፣ መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል። ለከተማውም ለደምቢያ መስኖም የታሰበው የመገጭ ግድብ ለዓመታት ሲጓተት ቆይቷል።

እንግዲህ ተመልከቱ። ከግድቡ በላይ ያለ ገበሬ እርከን አለመሥራቱ፣ ከዓመታት በኋላ ፒያሳ ላይ ያለች ሻይ ሻጭ በወረርሽኝ ጊዜ እጇን እንዳትታጠብ ያደርጋል። እርከኑ በግብርና ጽሕፈት ቤት ዕቅድ ውስጥ ነው፣ ግድቡ በውሃ፣ እጅ መታጠቡ በጤና፤ «አደጋ» የሚለው ምዕራፍ ደግሞ ከሦስቱም ውጭ መጨረሻው ገጽ ላይ ለብቻው ተቀምጧል። እኔ ብሆን ያንን ምዕራፍ ከነጭራሹ እሰርዘውና በውሃው ምዕራፍ ላይ «ከግድቡ በላይ ያለው ተፋሰስ ጥበቃ ወጪ ከውሃ ገቢ ላይ ይሸፈናል» የሚል እጽፋለሁ። ገንዘቡ ግድቡን ከመጥረግ ያንሳል፤ ደለል ከገባ በኋላ ማውጣት እንዴት ያለ ሥራ እንደሆነ የሞከረ ያውቀዋል።

ቆላ ድባ

የግብርና ባለሙያ ነኝ። የቧንቧ ሰው ያልከው እውነት ነው፤ ወንድሜ፣ ውሃው ከእናንተ ዘንድ አያበቃም። አንገረብ ከመገጭ ይገናኛል፣ መገጭ በደምቢያ አልፎ ጣና ይገባል። ከላይ የታጠበው አፈር ከፊሉ ግድባችሁ ውስጥ ይተኛል፣ ከፊሉ እኛ ማሳ ላይ ይተኛል፣ የቀረው ሐይቁን ይሞላል። በ2004 ዓ.ም. እምቦጭ መጀመሪያ የታየውም በመገጭ ወንዝ መግቢያ አካባቢ ነው፤ ከማሳና ከከተማ የሚወርደው ሁሉ ለአረሙ ምግብ እንደሚሆንለት መገመት አያዳግትም።

ጎርፍን ግን በአንድ ዓይን ብቻ እንዳታዩት እለምናለሁ። በእኛ አገር ጥቁር አፈር ላይ ውሃ ተኝቶ ሲሸሽ ገበሬው ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል፤ በቀረው እርጥበት ብቻ ያለ ዝናብ ያበቅላል። ስለዚህ «የጎርፍ መከላከያ» ተብሎ ከላይ የሚነደፍ ግንብ አንዱን ቀበሌ አድኖ የሌላውን ሽምብራ ሊያስቀር ይችላል። ስጋትን ማወቅ የሚባለው ነገር ለእኔ ይኼ ነው፤ ካርታውን ከመሳል በፊት ውሃው በመጣ ጊዜ ማን እንደሚያዝን፣ ማን ደግሞ በሬውን እንደሚያዘጋጅ መጠየቅ ነው።

ጓያውም ራሱን የቻለ ነገር ነው። ድርቅም ውሃ መተኛትም የማይበግረው እህል ስለሆነ ሌላው ሰብል ሲጠፋ እሱ ይተርፋል፤ ቤተሰቡም ለወራት እሱን ብቻ ይበላል። ጓያን ብቻ ለወራት መብላት ደግሞ እግር ያሽመደምዳል፣ የተሽመደመደውም ተመልሶ አይድንም፤ ደምቢያና ፎገራ ይህን በሽታ ያውቁታል። አንድ ዓመት የጠፋ ሰብል አንድን ጎልማሳ ዕድሜ ልኩን በምርኩዝ ሊያስቀረው ይችላል ማለት ነው። ሪፖርታችን ግን ድርቁ በቆመበት ወር ይዘጋል።

በኮቪድ ጊዜ ያየሁትንም ላክል። መስከረምና ጥቅምት በእኛ ዘንድ የወባ ወር ነው። ትኩሳት የያዘው ሰው ለይቶ ማቆያ እገባለሁ ብሎ ፈርቶ ከጤና ጣቢያ ቀረ፤ ጎረቤቴ ልጁን ለሦስት ቀን ቤት አስተኝቶ ያመጣት ራሷን ከሳተች በኋላ ነው። ልጅቱ ተርፋለች።

ማራኪ ግቢ

የኅብረተሰብ ጤና ተማሪ ነኝ። የሰንዳይ ማዕቀፍ አደጋ አምጪ ከሚላቸው ክስተቶች መካከል በሽታን በግልጽ ጨምሯል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጡት የባንኮክ መርሆዎችም የጤናውና የአደጋው ሥራ እንዴት እንደሚገናኝ ለማሳየት የተዘጋጁ ናቸው። ይህም ሆኖ ወረርሽኙ ሲመጣ በብዙ አገር ሁለቱ ወገኖች የተገናኙት በአስቸኳይ ግብረ ኃይል ላይ ነው፤ ግብረ ኃይል ደግሞ ሲበተን የያዘውን እውቀት ይዞ ይበተናል።

በእኛ አገር ሳይበተን የቀረው የጤና ኤክስቴንሽን ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው ፕሮግራም በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሴት ሠራተኞችን ስላስቀመጠ፣ በ2012 ቤት ለቤት የሚዞር ሰው ሲያስፈልግ አዲስ መቅጠር አላስፈለገም። ጡረተኛው ጋሼ ያሉት የቡድን አሠራር የልጅ ልጅ ነው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም። አሁን ከሱዳን ጦርነት የሚሸሹ ሰዎች በመተማ በኩል እየገቡ ነው፤ በሚያዝያ ወር ጦርነቱ ሲነሣ ማንም ሳያስብበት ስለመጣ የውሃ፣ የመጸዳጃና የክትባት ጥያቄ አብሮ ገብቷል። የ2016 ዕቅድ ይህን ካልያዘ ወረርሽኙ ያስተማረንን በሦስት ዓመት ረሳነው ማለት ነው።

የአዲስ ዓለሙ ጸሐፊ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። እኔ የእድር ጸሐፊ ነኝ፤ ሰነድ ከመጻፍ መዝገብ መያዝ ይቀናኛል።

በ1911 ዓ.ም. የገባውን የኅዳር በሽታ አያቶቻችን ሲናገሩ ሰምተናል። ዓለምን ያዳረሰው ያ ጉንፋን አገራችንን በመታ ጊዜ ሰዉ ቆሻሻውን እየሰበሰበ አቃጠለ፤ ከዚያ ወዲህ ኅዳር 12 ሲደርስ «ኅዳር ሲታጠን» ብሎ ሰፈሩ ሁሉ ግቢውን ጠርጎ ያቃጥላል። በእኛ ሰፈር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያደርገዋል፣ አስገዳጅ መመሪያም የለውም። መቶ ዓመት አለፈው። የመሥሪያ ቤቶቹ በርሜል ግን ዓመት አልቆየም። እኔ ልዩነቱን ሳስበው፣ ኅዳር ሲታጠን ቀን አለው፣ ቀኑም ከሌላ ነገር ጋር ታስሯል፣ መጥረጊያውም እያንዳንዱ ሰው ቤት ነው።

የእድራችንንም ልንገራችሁ። አስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ታውጆ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ በተከለከለ ጊዜ ድንኳን መትከል ቀረ፣ ለቅሶ ቤትም ሰው መቀመጥ አልቻለም። ሥራ ፈታን ብለን ስንተክዝ አንዲት አባላችን «መዝገቡ እኮ አለ» አሉ። መዝገባችን ማን ብቻውን እንደሚኖር፣ ማን ስኳር እንዳለበት፣ ማን ልጁ ውጭ እንደሆነ ያውቃል፤ እንዲህ ያለ ዝርዝር ቀበሌ ዘንድ አልነበረም። በዚያ መዝገብ እየዞርን ለአቅመ ደካሞች ዱቄትና ሳሙና አደረስን። ነገሩ ጋብ ሲል መተዳደሪያ ደንባችንን አሻሽለን ከወርሃዊው መዋጮ አንድ አሥረኛው ለክፉ ቀን ተለይቶ እንዲቀመጥ አድርገናል። ይህን ስናደርግ ማንም «አዋሕዱ» አላለንም።

ጠያቂ ከአዘዞ

የእድሩ ሥራ ያስመሰግናል። ሁለት ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። አንደኛ፣ ዛሬ ኅዳር 12 የሚቃጠለው በአብዛኛው ፌስታልና የላስቲክ ጠርሙስ ነው፤ የአስም ሕመምተኛ ያለበት ቤት ያን ዕለት እንዴት እንደሚያድር እኔ አውቃለሁ። ልማድ ይዘልቃል ማለት ደግ ሆኖ ይዘልቃል ማለት አይደለም። ሁለተኛ፣ መንግሥት ሊሠራው የሚገባውን እድር ሠራው ብለን ስናመሰግን ሸክሙን በድሃው ላይ እንዳንጭን እፈራለሁ።

ለእህቴ ግን የሚጠቅም ነገር ይኖረኛል። ቀድሞ የጻፍሁት ቅሬታ ብቻ ስለ ነበር ቅር ብሎኛል። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይጀምራል። ሐምሌ ማለት ክረምቱ የገባበት፣ ቦዩ ሁሉ የሞላበት ጊዜ ነው። ዕቅዱ ጸድቆ፣ ገንዘቡ ተለቆ፣ ግዢው ወጥቶ ሥራ ተቋራጩ እስኪገባ ጥቅምት ወይም ኅዳር ይሆናል፤ ጎርፉም አልፏል። ከዚያ በጋውን ሙሉ ሌላ ሥራ ይቀድማል፣ ሰኔ ሲመጣም «ገንዘቡ ተመላሽ እንዳይሆን» ተብሎ የቦይ ጠረጋው በዝናብ ውስጥ ይጣደፋል፣ የወጣው ደለልም ቦዩ ዳር ተከምሮ በመጀመሪያው ዶፍ ተመልሶ ይገባል። ይህ የገንዘብ እጥረት አይደለም፤ ገንዘቡ አለ፣ ወሩ ነው የተሳሳተው። በዕቅድሽ ላይ አንድ ቃል ብቻ መጨመር ብትችይ የምመክርሽ የማጠናቀቂያ ወር እንድትጨምሪ ነው፤ የቦይ ጠረጋ ከግንቦት መጨረሻ በፊት ያልቃል፣ ደለሉም በመኪና ተጭኖ ይወጣል። ይህ በያዝነው በጀት ይቻላል።

የፋሲል በር

አስጎብኚ ነኝ። ስለ ቀን ከተነሣ የእኛም ሥራ ቀን ያለው ነው።

ጥምቀት በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው በታኅሣሥ 2012 ነው። በወሩ፣ ጥር 11፣ እዚሁ በአፄ ፋሲል መዋኛ የተመልካች መቀመጫ የሆነው የእንጨት ርብራብ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰው ሞተ። እኔ እንግዶች ይዤ ከማዶ በኩል ቆሜ ነበር። ጥምቀት በየዓመቱ በታወቀ ቀን፣ በታወቀ ቦታ ይመጣል፤ ከዚህ በላይ አስቀድሞ የሚታወቅ ስጋት ከወዴት ይገኛል? ርብራቡ ስንት ሰው እንደሚችል በወረቀት ያሰፈረ ባለሙያ እንዲኖርና የጥር ወር ሳይገባ እንዲፈረምበት ማድረግ የቱሪዝም ልማት ነው ወይስ የአደጋ ስጋት ቅነሳ? እኔ ልዩነቱ አይታየኝም።

ከዚያ ሁለት ወር ሳይሞላ ወረርሽኙ ገባ። ሆቴሎች ዘጉ፣ እኛ አስጎብኚዎች፣ በቅሎ አከራዮች፣ ሽመና የሚሸጡ እናቶች ባዶ እጃችንን ቀረን፤ የሰሜኑ ጦርነት ሲጨመርበት ደግሞ ሁለት ዓመት ተደራረበ። «ማገገም» ሲባል የምንሰማው እንግዶች የሚመለሱበትን ቀን መጠበቅ ነው። እንግዳው ከተመለሰ እኛም ወደ ነበርንበት እንመለሳለን፤ ነገር ግን የነበርንበት ቦታ አንድ ወቅት ሲከስር ሁሉ የሚከስርበት ቦታ ነው። ሰሜን ተራሮች በ2011 ሲቃጠሉም እንዲሁ ነበር፤ ነዋሪው በቅጠል እየመታ ሲያጠፋ ሰንብቶ በመጨረሻ ከእስራኤል ባለሙያዎች መጡ። እንግዳ ለሌለበት ወር የሚሆን የጋራ ቁጠባ እንዲኖረን ከእድሩ ጸሐፊ ደንቡን ብናይ ደስ ይለኛል።

ዕቅድ ጸሐፊዋ (ግንቦት 16 ቀን 2015 ዓ.ም.)

አራት ቀን ዝም ያልሁት ረቂቁን እያስተካከልሁ ስለ ነበር ነው፤ ይቅርታ። የመጨረሻውን ምዕራፍ ሰርዤዋለሁ። አለቃዬ «ቅጹ ላይ አለ፣ ባዶ መተው አይቻልም» ስላሉኝ በቦታው «በየምዕራፉ ተመልከት» የሚል ጽፌ የገጽ ቁጥር አስቀመጥሁ፤ ለጊዜው አልፏል።

በመንገድና በቦይ ሥራው ላይ የአዘዞው ወንድሜ ያለውን ወር አስገብቻለሁ፣ የሚወጣው ደለል የሚጣልበትን ቦታ መምረጥም ለጽዳት ክፍሉ ተሰጥቷል። በባህልና ቱሪዝም ላይ የጥምቀት ርብራብ በኢንጂነር ተፈትሾ እስከ ታኅሣሥ 20 እንዲፈረምበት፣ ያልተፈረመበት እንዳይከፈት የሚል አለ። የውሃው ነገር ከእኔ መሥሪያ ቤት ሥልጣን በላይ ነው፤ የተፋሰሱ ወጪ ከውሃ ገቢ ይሸፈን የሚለውን በሐሳብ ደረጃ ብቻ ነው ማስፈር የቻልሁት፣ ይወድቃል ብዬም እፈራለሁ። የመተማው ጉዳይ ደግሞ የከተማው ሳይሆን የዞኑ ነው ተብሎ ወጥቷል፤ ማራኪ ግቢ፣ ይህን በሌላ መንገድ ማንሣት የምንችል ከሆነ በውስጥ መልእክት ጻፍልኝ። ወንድሜ ከቆላ ድባ፣ ስለ ጓያው የጻፍከውን ለጤና ክፍሉ ባለሙያ አንብቤላት ነበር፤ ሪፖርቱ ድርቁ ካበቃ ከስድስት ወር በኋላ እንደ ገና እንዲከፈት ማድረግ ይቻል እንደሆነ ጠይቃለች።

ጋሼ፣ በርሜሉን በተመለከተ አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል። ሁሉም በሮች ላይ ይመለስ ብዬ ብጽፍ የሚሞላው ሰው የለም።

ጡረተኛው ጤና መኮንን

ሁሉም በር ላይ አትመልሽው ልጄ። በእኛ ጊዜ ሳኒታሪያኑ መጀመሪያ የሚጠይቀው ሰው በብዛት የሚያልፈው በየት ነው፣ ውሃ የሚደርሰውስ እስከ የት ነው ብሎ ነበር። ሁለቱ የሚገናኙበትን ጥቂት ቦታ ምረጪ፤ ቅዳሜ ገበያ፣ አውቶቡስ መናኸሪያው፣ ትምህርት ቤቶች። የሚሞላውን ሰው ስም በዕቅዱ ላይ መጻፍ ካልተቻለ የሥራ መደቡን ጻፊ።

የአዲስ ዓለሙ ጸሐፊ

ቅዳሜ ገበያ በመጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ቢቆም ለመሙላት እኛ እንፈራረቃለን፤ የአዘዞው ወንድማችን ሸክም እንዳይለው እንጂ። ሳምንት በሳምንት ሁለት ሁለት አባል ተመድቦ፣ ከገበያው ቧንቧ በጎማ ይሞላል። በርሜሉን ግን እኛ መግዛት አንችልም። ያ ሲሚንቶ የሚቦካበት በርሜል አሁንም ደኅና ከሆነ ብትሰጡን እናጥበዋለን።

ዕቅድ ጸሐፊዋ

ዛሬ ጠዋት ሄጄ አየሁት። ታችኛው በኩል ተሰንጥቋል፣ ሲሚንቶውም ጠንክሮ ይዞታል፤ ቧንቧው ግን አልተነካም፣ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ከመጋዘን ያልወጡ ሌሎች ሁለት በርሜሎች መኖራቸውን ንብረት ክፍሉ ነግሮኛል። ለማውጣት ከእድሩ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ያስፈልጋል። እስከ ዓርብ ከደረሰኝ ለቅዳሜው ገበያ ይደርሳል።

የቧንቧ ሰው

ቧንቧዋን አትጣሏት፤ ለአንደኛው በርሜል እኔ መጥቼ እገጥማታለሁ።